ለእማዬ የመረግሁት ግድግዳ

ሰኞ፣ ግንቦት 18

«ክፍሉማ ዝግጁ ነው፤ ግድግዳው ነጭ በነጭ ሆኗል» አልኳት ለወንድሜ ሚስት በስልክ። ነጭ ቀርቶ ክፍልም የለኝ። ያለኝ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላባቸው ከረጢቶች፣ መርፌዋ የተሰበረ አሮጌ የስፌት መኪና እና የባሌ የበላይ የሰሊጥ ዘር ጆንያዎች የታጎሩበት ጨለማ ጓዳ ነው።

ያስዋሸችኝ ጥሩወርቅ ናት፣ እዚሁ ሱዳን፣ ከእኛ ከገዳሪፍ ራቅ ብሎ ዶካ የሚኖረው የወንድሜ የአዳነ ሚስት። «እማማን የት ልታስተኚያቸው ነው? እንዳምናው ከጆንያው ጋር?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ነው የነካኝ። እዚህ ደብተር ላይ ግን እውነቱን ልጻፍ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን ያጠበቻት፣ ልብሷን ያለበሰቻት፣ እጇን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰቻት እሷ ናት። እኔ በስልክ «እንዴት አደርሽ» ነው ስል የኖርኩት። ሳቋ የሚያንገበግበኝም ለዚያ ነው።

የእማዬ ግራ ዓይን ጠፍቷል። ቀኙ ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ከዚያ በላይ አይሠራም። ቤት ውስጥ የምትሄደው መዳፏን ግድግዳ ላይ እያስኬደች ነው። አምና እኔ ዘንድ መጥታ በሦስተኛው ቀን ጆንያ አደናቅፏት ጉልበቷን ተመታች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ «ቤትሽ አላወቀኝም፣ የሺዬ» አለችና ወደ ዶካ ተመለሰች።

አሁን እሑድ አዳነ ያመጣታል። ቃሏም ይኸው ነው፦ «ከተመቸኝ እከርማለሁ። ካልተመቸኝ አዳነ ሲመለስ አብሬው እሄዳለሁ።» በዚህ ዕድሜዋ ሦስተኛ ጊዜ ሞክሪ ብዬ አልለምናትም።

ስለዚህ፦
– ጆንያዎቹ ይውጡ (መጀመሪያ በላይን ማሳመን)
– ግድግዳው ይጠገን
– ነጭ ይቀባ። ነጭ ከሆነ በሩ ጠቆር ብሎ ይለይላታል
– ወለሉ ላይ አንድም ነገር አይኑር
– መጋረጃ። እሱን አልፈራውም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ግድግዳ ከጨርቅ በምን ይለያል? ይለካል፣ ይስተካከላል፣ ያልቃል።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

በላይ ጆንያዎቹን ያወጣው እንዲህ እያለ ነው፦ «ሰሊጤን ደጅ ራኩባው ዳስ ሥር አሳድረሽ እናትሽን ቤት ልታስገቢ። ይሁን። ሰሊጥ አያማም፣ እሳቸው ግን ያማሉ።» ሲያላግጥ ነው፤ እናቴን ይወዳታል። ሰሊጥ ተራ ሚዛን ላይ ውሎ ሲመጣ እንደዚህ ያደርገዋል።

ጆንያው ሲነሣ ጉዱ ወጣ። ምስጥ። የግድግዳው የታችኛው ክፍል በእጄ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ኖራ ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር፤ አይበቃም። ከሥር እስከ ላይ እንደ አዲስ መመረግ አለበት።

ሠራተኛ ጥሪ አለኝ በላይ። እምቢ አልኩ። ጭቃ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለማ። አርማጭሆ ሳለን፣ ሳንሰደድ በፊት፣ እማዬ የመንደሩን ቤት ሁሉ የምትመርግ ሴት ነበረች። ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን ይታየኛል፦ ጭቃው መሐል ቀሚሷን ሰብስባ ስትረግጥ፣ እኔም ከጎኗ ስረግጥ፣ የጤፍ ጭዱ በጣቶቼ መሐል ሲወጣ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እግሬ ያስታውሰዋል።

ግቢው ውስጥ ከዚሩ፣ ከትልቁ የውኃ ጋን አጠገብ ቆፈርኩ። አፈሩ ጥቁር፣ ልስልስ፣ እንደ ቅቤ የሚያያዝ። የጤፍ ጭድ ስለሌለ የማሽላ ገለባ ከትፌ ጨመርኩበት። እየረገጥኩ ሳለ ጎረቤቴ ሃጃ ሰኪና በአጥሩ በኩል አዩኝ። ሃያ ዓመት አጥር ስንጋራ በሥራዬ ገብተው አያውቁም። ዛሬ ገቡ።

«ያ የሺ፣ ይሄ አፈር ማሽላ ይዘራበታል እንጂ ግድግዳ አይመረግበትም።»

«እኛ ጭቃ እናውቃለን፣ ሃጃ።»

ቆም ብለው ጉድጓዱን አዩ፣ እግሬን አዩ። «ማሺ» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። እሺ ማለታቸው ነው፤ የሃጃ «ማሺ» ግን ሁልጊዜ እሺ ማለት አይደለም።

በላይ ማታ ሲገባ ጉድጓዱ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም። «እናትሽን ጆንያ አደናቀፋቸው ብለሽ አሁን ጉድጓድ አዘጋጀሽላቸው?» አለኝ። ነገ ይደፈናል። ዝርዝሩ ላይ ጨመርኩት።


ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ጨረስኩ። አራቱንም። ብቻዬን።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጄ ከጭቃ አልወጣም። የስፌት ሱቄን ዘግቼ ነው የዋልኩት፤ መጋረጃ ያዘዘችኝ የአንዲት ሙሽራ እናት ሁለቴ ደውላለች፣ አላነሣሁም። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ፀጉሬ ውስጥ ገለባ አለ። ጆሮዬ ውስጥም አለ።

ግን እንዴት አማረ። እርጥቡ ግድግዳ ላይ መዳፌን እያንሸራተትኩ ስጨርሰው የተተኮሰ ሐር መሰለ። አንድ ሽብሽብ የለውም። በሩ ላይ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። የሠራሁትን ልብስ ሰው ለብሶት ሲያልፍ እንኳን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ጥፋቴን ደገምኩት። ጥሩወርቅ ጋ ደወልኩ። «እማዬ መዳፏን ስታሳርፍበት መስታወት ነው የሚመስላት» አልኳት። «እንዴ፣ ሰኞ አልቋል አላልሽም ነበር?» አለች። ይህች ሴት የሚረሳት ነገር የለም።

ሃጃን አጥር ላይ አገኘኋቸው። ገብተው አዩልኝ። «ሲደርቅ እንይ» አሉ። ለምን እንዲህ ያለ ነገር ይባላል?

ነገ ኖራ እቀባለሁ ብዬ ልተኛ ስል በላይ «ነገ ስንት ነው?» አለኝ። ሃያ አንድ። የግንቦት ማርያም። ጭቃም ኖራም አይነካም።


ሐሙስ፣ ግንቦት 21፣ ማርያም

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከክፍሉ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ። ጠቅ። አይጥ ነው ብዬ ገባሁ። ግድግዳው ነው።

ስንጥቆቹ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን ነበሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ጥፍሬ ገባባቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ጣቴ። የገዳሪፍ ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ አግላው፣ ጥቁሩ ጭቃ ከውስጥ እየተኮማተረ፣ ቁርጥራጩ ጠርዝ ጠርዙ ተቆልምሞ ወደ እኔ ይመጣል። አንዱ ከጣራው ሥር ተላቆ እግሬ ሥር ወደቀ። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ያለቀሰ ሰው አልነበረም እላለሁ፣ ከተጠየቅሁ።

የሚያሳብደው ደግሞ ዓይኔ እያየ መንካት አለመቻሌ ነው። በዓል ነው። እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።

ማኅበርተኞቼ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ አሉ። ሁሉም ገብተው አዩ፣ ሁሉም መድኃኒት አላቸው። አንዷ ውኃ ርጪበት አለች። አንዷ ዘይት። አንዷ «እኛ ቤት ሲሰነጠቅ ቴሌቪዥን አቆምንበት» አለች። አራተኛዋ ስትወጣ በሩ ላይ «የወንድምሽ ሚስት ጥሩወርቅ ግን ቤቷን እንዴት ነው የምትይዘው» አለች። የመጣችው እኔን ከእሷ ጋር ልታስተያይ እንደ ሆነ ገባኝ።

በላይ ግን መጥቶ አየና አላላገጠም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። የወደቀውን ጓል አንሥቶ ወደ ውጭ ጣለው። «ለአዳነ ልደውልና በሚቀጥለው ሳምንት ያምጣቸው?» አለኝ።

እምቢ አልኩት። ካራዘምኩ ጥሩወርቅ የምትለውን ከአሁኑ እሰማዋለሁ። እማዬ ደግሞ ለምን እንደ ተራዘመ ትረዳለች፤ ትረዳና አትመጣም።


ዓርብ፣ ግንቦት 22

ሞኝነት ሁለተኛ ክፍል። በስንጥቁ ላይ ኖራ ቀባሁበት።

ያሰብኩት ኖራው ይሞላዋል ብዬ ነው። የተበላሸ ስፌት ላይ ጥልፍ እንደሚጣልበት። ኖራው ስንጥቁን አልሞላም፤ አደመቀው። ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር ወንዞች። በላይ እንኳን ሊያልፈው አልቻለም፦ «ሱዳንን ከነገባር ወንዞቿ አወጣሻት፣ ዓባይ ብቻ ቀረሽ።» በዚያ ላይ ኖራው አይይዝም። በትከሻዬ ሳልፍ ቀሚሴ ነጭ ሆነ፣ እጄም ተቃጠለ። ጣቶቼ ተላልጠው መርፌ መያዝ አቃተኝ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና የማልለውን ሁሉ አልኩ። በጭቃው ላይ፣ በኖራው ላይ፣ በጥሩወርቅ ላይ፣ በራሴ ምላስ ላይ።

ሃጃ ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው የሰሙኝ ይመስለኛል። በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። «ብዬሽ ነበር» ለማለት ነው የመጡት ብዬ ቀና ብዬ ጠበቅኋቸው።

«ተነሺ» አሉኝ። «ባልሽ ይህን ፍቆ ያውጣው።»

ይዘውኝ ወደ ግቢያቸው ሄዱ። ጥግ ላይ በጆንያ የተሸፈነ ክምር አለ። ሲገልጡት ሽታው ከአፍንጫዬ አልፎ ዓይኔን መታው። ዝባላ። የላምና የአህያ እበት፣ ገለባ፣ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ ከኮረብታው ሥር የሚመጣ አሸዋማ አፈር፤ ተቦክቶ አሥር ቀን ያደረ። እዚህ ሰው ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣራውን የሚመርግበት ነው። ሃጃ ለጣራቸው ያቦኩት ነው።

«ሃጃ፣ ጣራዎትስ?»

«ሰማዩን እኔ እጠብቀዋለሁ፤ እናትሽ ግን እሑድ ትመጣለች።»

ማክሰኞ «እኛ ጭቃ እናውቃለን» ያልኩትን አስታወስኩ፤ እሳቸውም አስታውሰዋል። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «ወላሂ እኔም መጀመሪያ ገዳሪፍ ስመጣ ከግቢዬ ቆፍሬያለሁ» አሉና ሳቁ። «ሙሽራ ነበርኩ። አማቴ እስክትሞት ስትስቅብኝ ኖረች።» ማክሰኞ ለምን አልነገሩኝም ብል፣ «አንቺ ታውቂ ነበራ» አሉኝ።

በላይ ፋቀ፣ እኔ ተሸከምኩ፣ ሃጃ መረጉ። እጃቸው ሲሄድ አይታይም። ሦስት ግድግዳ አለቀ። ለአራተኛው፣ ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ለሚሄደው፣ ጭቃው አልበቃም። እሱ ሳይፋቅ ከእኔው ጥቁር ጭቃ ጋር እንዳለ ቀረ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ሦስቱ ደረቁ። አንድ ስንጥቅ የለም። ሽታውም እየለቀቀ ነው፣ ወይም አፍንጫዬ እየለመደ ነው።

ኖራውን እንደገና በጠበጥኩ፣ ዛሬ በሃጃ አሠራር፦ አንድ እፍኝ ጨው፣ በሙቅ ውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ። እጄን በላስቲክ ጠቀለልኩ። ሁለት ጊዜ ቀባሁ። ቀሚሴን አሻሸሁበት፤ አልለቀቀም። ይህን ሰኞ የነገረኝ ሰው ቢኖር። ቢኖርም አልሰማም ነበር።

አራተኛው ግን ይዋጋኛል። ስንጥቆቹን በጨርቅ ጠቀጠቅሁ፣ በላዩ ጭቃ አለፍኩበት፣ ኖራ ቀባሁት። ትንንሾቹ ተደፈኑ። አንዱ እምቢ አለ። ረጅሙ። ከአልጋው ራስጌ ተነሥቶ በወገብ ቁመት ጋደል እያለ እስከ በሩ መቃን ድረስ የሚሄድ። ጠዋት ደፈንኩት፣ በእኩለ ቀን ተከፈተ። ደግሜ ደፈንኩት፣ አሥር ሰዓት ላይ ተከፈተ። ሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል በላይ ባልዲውን ከእጄ ቀማኝ።

እንግዲህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ከሙሽራዋ መጋረጃ የተረፈ ነጭ ጨርቅ ነበረኝ። ግድግዳውን ለካሁ፣ ጠርዙን በሱቁ መኪና ሰፋሁ፣ እጅ በሚደርስበት ቁመት በስድስት ምስማር ሰቀልኩት። ስንጥቁ ጠፋ። ከሩቅ ላየው ግድግዳ ይመስላል።

እናቴ ከሩቅ አታይም። ይህን ያሰብኩት ስድስተኛውን ምስማር ከመታሁ በኋላ ነው።


እሑድ፣ ግንቦት 24

አምስት ሰዓት ላይ ደረሱ። አዳነ ከነመኪናው፤ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ መጀመር አለብኝ» አለ ገና ሳይወርድ። እማዬ ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ልቀበላት ስል አልሰጠችኝም።

በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረች፣ ብርሃኑን እንደምትቀምስ። «ነጭ ነው» አለች። ቀጥላ አሸተተች። «ላም ታሳድሪበት ነበር እንዴ?» አዳነ በሳቅ ፈነዳ።

ከዚያ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያው። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ቆም ብላ በጥፍሯ ጫረት አደረገችው። «ይህን የመረገች ሴት ታውቃለች። አንች አይደለሽም።» ሃጃ ናቸው አልኳት። አራተኛው ጋ ደረሰች። እጇ ጨርቅ አገኘ።

«ይህስ?»

«ጌጥ ነው፣ እማዬ።»

ጨርቁን ገለጠችው። ጣቷ ስንጥቁን አገኘው፣ ገባበት፣ ትንሽ ሄደ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መሐል ፍርፋሪ ይዛ አሸችው፣ ምላሷ ላይ አደረገችው።

«ይህ ከግቢ የተቆፈረ ነው።»

«አንቺ ስታቦኪ አይቼ ነው» አልኳት። «አብሬሽ ረግጫለሁ። አስታውሳለሁ።»

«መርገጡን ነው የምታስታውሽው» አለች። «አፈሩን እኮ ከዳገቱ ማዶ ነበር የማመጣው፣ በአህያ፣ ሌሊት ተነሥቼ። የእኛም ግቢ ጥቁር ነበር። አንች ስትነሺ አፈሩ ቤት ደርሷል። ለልጅ የሚቀረው ጨዋታው ነዋ።» ቆጣ ያለች አይመስልም፤ ደስ ያላትም አይመስልም። አልጋው ላይ ተቀመጠችና ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ መልሳ አደረገች።

ምሳ በላች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አዳነ በሩ ላይ ቁልፉን እያንቃጨለ «እማ፣ ምን ላድርግ?» አላት።

«ዛሬ ደክሞኛል» አለች። «ጠዋት እነግርሃለሁ።»

አዳነ ሰሊጥ ጆንያው አጠገብ ራኩባ ሥር ሊያድር ነው። ቋጠሮው አልተፈታም። እኔ ደግሞ ይህን እየጻፍኩ ግድግዳውን እያየሁ ነው። አንድ ስንጥቅ። አንድ።


ሰኞ፣ ግንቦት 25

ጠዋት ስነሣ እማዬ ግቢ ውስጥ ከዚሩ አጠገብ ቆማ ውኃ እየጠጣች ነው። ብቻዋን። ደንግጬ ሮጥኩ። ዚሩ ዘንድ የቆፈርኩት ጉድጓድ መሞላቱን እንኳን ያረጋገጥኩት ከእግሯ አጠገብ ቆሜ ነው።

«ማን አወጣሽ?»

«ማን ያወጣኛል። ራሴ ወጣሁ።»

ወደ ውስጥ መልሳ ወሰደችኝና አሳየችኝ። ከራስጌዋ ጀምራ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ አድርጋ ሄደች፤ መዳፍ ሳይሆን አንድ ጣት። ጋደል ሲል ጋደል አለች፣ ሲታጠፍ ታጠፈች። ሲያልቅ እጇ የበሩ መቃን ላይ ነበረ። «ልስልሱ ግድግዳ ሁሉም አንድ ነው፤ በየት በኩል እንዳለሁ አይነግረኝም» አለች። «ዶካም እንዲያ ነው፣ ጥሩወርቅ ናት የምታወጣኝ። ይህን አትድፈኝብኝ።»

ሁለት ጊዜ ደፍኜ በጨርቅ የሸፈንኩት ስንጥቅ ነው። እሺ አልኳት።

አዳነ ብቻውን ሄደ። «እስከ መቼ ልበላት?» ብሎ ጠየቃት፣ ለጥሩወርቅ የሚያደርሰውን። «የጎረቤትዋ ጣራ እስኪመረግ» አለች እማዬ። የሃጃን ዝባላ እኛ እንደ ጨረስነው ሰምታለች፤ የቤቱን ወሬ በአንድ ቀን ሰብስባዋለች። ረፋድ ላይ በላይን ከሦስት ቦታ አፈር አስመጣችው። ሃጃና እሷ ራኩባው ሥር ተቀምጠው እፍኝ እፍኝ እያሹ አንዱን ጣሉት፣ አንዱን ጣሉት። አንዳቸው በዐረብኛ፣ አንዳቸው በአማርኛ፤ እኔን ማንም አላማከረኝም። በላይ ብቻ «የሺ እኮ ጭቃ ታውቃለች» አለ፣ ሁለቱም ሳቁ።

በስተምሥራቅ ደመና አለ። ዝባላው እስኪቦካ አሥር ቀን ዝናቡ ይቆይልን ይሆን? አላውቅም። ከጣራው በኋላስ እማዬ ምን ትላለች? እሱንም አላውቅም።

ጨርቁን ላወርድ ክፍሉ ገባሁ። ቀድማኝ አውርዳ አጣጥፋዋለች። ከስድስቱ ምስማሮች በአንዱ ላይ የክት ቀሚሷ ተሰቅሏል፣ በሌላው ነጠላዋ። ቋጠሮው ተፈቷል፤ ግማሹን ብቻ ነው ያወጣችው። አራት ምስማር ባዶ ነው።

አልነቅላቸውም።